ስለ ራስ ቤሩት ጥንታውያን ቤቶችና ስለ እድሳታቸው

የማኅበራችን መቶኛ ዓመት በሚታሰብበት በዚህ መጽሐፍ ስለ ሕንፃ ታሪክ አንድ ክፍል እንድጽፍ አባቶች ባዘዙኝ ጊዜ፥ የሚጠበቅብኝ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን አሠራር መናገር መስሎኝ ነበር። ያን ግን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ወንድሞች በዚሁ መጽሐፍ ጽፈውታል። እኔ የማቀርበው ከባሕር ማዶ ስላለ ስለ አንድ ሰፈር፥ ስለ ራስ ቤሩት ነው። በገዳማችን መታሰቢያ የሌላ አገር ቤት ታሪክ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በቅጥራችን ምሥራቅ የቆመውን፥ የመጀመሪያዎቹ አባቶች ያደሩበትን አሮጌ ቤት አፍርሰን በአርማታ እንሥራው ወይስ እናድሰው እያለ ማኅበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከራከር የሰማ ሰው ምክንያቴን ያውቀዋል። ዓመታቱን የዚያ አገር ታሪክ እንደሚጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር አስቀምጣለሁ።

ቤሩት ለኢትዮጵያ ምእመን እንግዳ ስም አይደለችም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፥ በዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተው ብላቴና ብሩታዊት ትባላለች፤ የቤሩት ልጅ ማለት ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ እርስዋን እያየን አደግን፤ አገርዋ በምን ድንጋይ እንደ ተሠራች ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? በከተማይቱ መካከል የግሪክ ኦርቶዶክሳውያን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ከወለሉ በታች ቢቈፈር፥ በየዘመኑ እየፈረሱ እንደ ገና እየተሠሩ የመጡ የቀደሙ አብያተ ክርስቲያናት መሠረት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ተገኝቷል፤ ዛሬም በደረጃ ወርዶ ማየት ይቻላል።

ከፈረሰው ወስዶ ለሚሠራው ማዋል በዚያ ጠረፍ የቈየ ልማድ ነው። በሮማውያን ዘመን ከተማይቱ ቤሪቱስ ትባል ነበር፤ በሕግ ትምህርት ቤትዋ ስመ ጥር ሆና ሳለች በ551 በመጣው ታላቅ የምድር መናወጥ ፈረሰች። የፈረሰው ግን ተጥሎ አልቀረም። በ12ኛው መቶ ዓመት የመስቀል ጦረኞች የቅዱስ ዮሐንስን ካቴድራል ሲሠሩ ከሮማውያን የተረፉትን ዓምዶች አቁመውበታል፤ ያም ቤት በኋላ መስጊድ ሆኖ እስከ ዛሬ አል ዑመሪ እየተባለ ይጠራል። ከቤሩት በስተ ሰሜን ባለው በጁበይል ግንብ፥ በስተ ደቡብም በሲዶና የባሕር ግንብ የሮማውያኑ ዓምዶች በግድግዳው ውስጥ አግድም ተጋድመው፥ ክቡ ጫፋቸው ብቻ በውጭ ይታያል። ግንበኛው ይህን ያደረገው የግድግዳውን የውስጥና የውጭ ገጽ አንድ ላይ ለማሰር ነው። የእኛ አባቶች በደብረ ዳሞ በእንጨት ማሰሪያ የሠሩትን ሥራ እርሱ በዓምድ ሠራው።

ራስ በዐረብኛም እንደ እኛው ራስ ማለት ነው፤ ወደ ባሕር የወጣ የምድር ጫፍ እንዲህ ይባላል። ራስ ቤሩት ከተማይቱ በምዕራብ በኩል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር የገባችበት ክፍል ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከከተማው ቅጥር ውጭ የሆነ፥ ቁልቋልና የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ የሞላበት፥ ቤቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ አሸዋማ ምድር ነበር። በ1866 የአሜሪካ ሚሲዮናውያን የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በራስ ቤሩትም ባሕሩን ቍልቍል በሚያይ ኰረብታ ላይ መሬት ገዝተው በ1871 የዋናውን ሕንፃ መሠረት ጣሉ። ይህ ትምህርት ቤት ከ1920 ጀምሮ የቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከአገራችን የተላኩ ተማሪዎች የተማሩበትም እርሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መምህሩ፥ ነጋዴው፥ አትክልተኛው በዙሪያው ቤት ሠሩ፤ ኦርቶዶክሱ፥ ሙስሊሙ፥ ድሩዙ፥ ፕሮቴስታንቱ በአንድ መንገድ ተጐራበቱ። ቤሩትም በ1888 የአንድ የኦቶማን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ ወደብዋ ሰፋ፤ በ1895 እስከ ደማስቆ ድረስ ባቡር ተዘረጋላት።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንግባ። የራስ ቤሩትን አሮጌ ቤት ከሩቅ ያየ ሰው የጡብ ቤት ይለዋል፤ የሚታየው ቀዩ የሸክላ ጣራው ነውና። ግድግዳው ግን የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ረምሊ ይሉታል፤ ረምል በቋንቋቸው አሸዋ ነው። ጥንት ነፋስ የከመረው የባሕር ዳር አሸዋ በውስጡ ባለው ኖራማ ነገር ተጣብቆ የጠጠረ ሲሆን፥ ቀለሙ ማር ይመስላል፤ ለመጥረብ ይቀላል፤ ቀዳዳ ስለሚበዛበት ደግሞ ውሃ ይጠጣል። በከተማይቱ ዙሪያ ይፈለጥ ነበረ፤ ዛሬ የቀድሞው መፍለጫ ስፍራ በቤትና በመንገድ ተሸፍኗል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቤቱ አከፋፈል ቀላል ነው። በመካከል ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ አዳራሽ አለ፤ በግራና በቀኝ መኝታ ቤቶችና ማድ ቤት ይሰለፋሉ። የአዳራሹ ፊት ወደ ባሕሩ ወይም ወደ መንገዱ የሚያይ ሲሆን፥ በሁለት ቀጫጭን የእብነ በረድ ዓምዶች የተያዙ ሦስት ቅስቶች አሉት፤ እብነ በረዱ ከኢጣሊያ ይመጣ ነበር። የጣራውና የወለሉ እንጨት ከአናቶልያ ተራሮች በመርከብ የመጣ፥ ሙጫ የሞላበትና ምስጥ የማይደፍረው ጥድ ነው። ኮርኒሱ ቀጫጭን ሰንበሌጥ መሳይ ርብራብ ተመትቶበት በኖራ የተለሰነ ነው፤ በእኛ አገር ጭቃ በማገር ላይ እንደሚመረግ ያለ ሥራ ነው። በኋላም የአውሮፓ የብረት አግዳሚ፥ ቀለም ያለው የወለል ንጣፍም ተጨመረ። አንድ ቤት ከአራት አገር በተሰበሰበ ዕቃ ቆመ ማለት ነው።

የጣራው ሸክላ የማርሴይ ሸክላ ይባላል። በ1841 በአልዛስ የነበሩ ዢላርዶኒ የተባሉ ወንድማማቾች አንዱ ከአንዱ ጋር በጠርዙ እየተቈላለፈ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ የጣራ ሸክላ ፈለሰፉ፤ በማርሴይ አጠገብ ያሉት የሸክላ ፋብሪካዎችም አሠራሩን ተቀብለው በመርከብ ወደ ሜዲትራንያን ወደቦች ሁሉ ላኩት። ሐር ከሊባኖስ ወደ ማርሴይና ወደ ሊዮን ይሄድ ነበር፤ ከማርሴይም ሸክላ ይመጣ ነበር። ለአንድ ሜትር ካሬ ከ13 እስከ 15 ሸክላ ይበቃል። እያንዳንዱም በሆዱ የሠሪውን ስም ይዟል፤ የጊሻር ፋብሪካ ሸክላ የንብ ሥዕል አለበት፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ምልክት አላቸው። ሸክላው ጭቃም ሲሚንቶም ሳይሻ በእንጨቱ ላይ በክብደቱና በቍልፉ ብቻ ስለሚቀመጥ አንድ ሰው በእጁ እያነሣ ሊያወርደውና በሌላ ቤት ላይ ሊከድነው ይችላል።

ከዚህ ላይ የነገሩ ሥር ይገኛል። የዚያ ዘመን ቤት የሚፈታ ቤት ነበር። ሸክላው ይነሣል፤ እንጨቱ በምስማሩ ይነቀላል፤ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ስለ ሆነ በመዶሻ ቢመታ ይለቃል። ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ ነው፤ ቤቱ ቢናወጥ የሚሰነጠቀው ኖራው ነው፥ ድንጋዩም ይተርፋል። ደግሞም ኖራ ይተነፍሳል። የባሕር ጨው ያለበት እርጥበት ወደ አሸዋ ድንጋዩ ሲገባ በኖራው ልስን በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ ጨው የሚያበላሸው ልስኑን ነው፤ ልስኑም በየዓመታቱ ይታደሳል። ሲሚንቶ ግን ይህን መንገድ ይዘጋበታል። ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ጨው በቀዳዳው ውስጥ እየደረቀ ያብጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ ቢነሣ ድንጋዩ እንደ ስኳር ይረግፋል። እንዲሁም ድንጋይ በሲሚንቶ ከተያያዘ በኋላ ሊለያዩት ቢሞክሩ የሚሰበረው ድንጋዩ ነው። አሮጌ ቤት ባማረ ሲሚንቶ ሲለሰን ያየ ሰው ታደሰ ይላል፤ ሞቱን ግን ይዞት ተለስኗል።

ስለ ሲሚንቶና ስለ አርማታ ክፉ ብቻ እንዳልናገር ይህንም ልበል፤ በ1920ዎቹና ከዚያም በኋላ ቤሩት በፍጥነት ስትሰፋ ብዙ ሕዝብ በጥቂት ገንዘብ መጠለያ ያገኘው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሐምራ መንገድ የገበያና የባንክ ስፍራ በሆነ ጊዜ፥ የራስ ቤሩት መሬት ከቤቱ ይልቅ ዋጋ አገኘ። አንድ ፎቅ ወይም ሁለት ፎቅ የነበረው ቤት ፈርሶ በምትኩ አሥር ፎቅ ቆመ። የቀረውም ቤት ለብዙ ወራሾች የተከፋፈለ ነበር፤ ከ1992 በፊት የተከራየ ሰው ኪራዩ በሕግ ስለ ተወሰነለት ባለቤቱ ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አያገኝም ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎች ጣራው በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ጠበቁ። በ1933 የወጣው የጥንታዊ ቅርስ ሕግ ደግሞ የሚጠብቀው ከ1700 በፊት የነበረውን ነው። የራስ ቤሩት ቤት በዚያ ሕግ ፊት ሕፃን ነበር። በዚህ ነገር የተቈጨች እመቤት ኢቮን ሱርሶክ ኮክሬን የጥንታውያን ስፍራዎችና ቤቶች ጥበቃ ማኅበርን አቋቁማ ዕድሜዋን ሙሉ ተሟግታለች። ከ1975 እስከ 1990 የነበረውን ጦርነት ለመዘርዘር ይህ ስፍራው አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃ ከጦርነቱ በኋላ፥ በኅዳር 1991 በፈንጂ ፈርሶ በቀድሞ መልኩ እንደ ገና መሠራቱንና በ1999 መመረቁን ብቻ አነሣለሁ።

ከመብራቱ ግንብ አጠገብ በኰረብታው ላይ ሮዝ ቤት የሚባለው፥ የአርዳቲ ቤተ ሰብ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሠራው ቤት አለ። ቀለሙ ከባሕሩ መንገድ ይታያል። በ2014 እንግሊዛዊው ሠዓሊ ቶም ያንግ በባዶ ክፍሎቹ ውስጥ ሥዕል ባሳየ ጊዜ ሕዝብ እየጐረፈ ገብቶ አየው፤ ብዙዎቹ በየቀኑ በሥሩ እያለፉ ደጃፉን ረግጠው የማያውቁ ነበሩ።

ነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ መጋዘን የተቀመጠ 2,750 ቶን አሞንየም ናይትሬት ፈነዳ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ በሺህ የሚቈጠር ቈሰለ፤ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከቤቱ ወጣ። ዩኔስኮ በዚያው ወር እንዳስታወቀው ከተጐዱት ሕንፃዎች 640 ያህሉ ታሪካውያን ሲሆኑ፥ ከእነዚህም 60 ያህሉ ለመውደቅ የቀረቡ ነበሩ። ከሁሉ የተጐዱት ከወደቡ አጠገብ ያሉት ጀማይዜ፥ ማር ሚካኤልና አሽረፊየህ ናቸው፤ ራስ ቤሩት ራቅ ስላለ ብዙው ጉዳቱ በመስኮትና በበር ላይ ሆነ። እመቤት ኢቮን በቤትዋ ሳለች ቈስላ በዚያው ወር በ98 ዓመትዋ አረፈች። በ1912 የተሠራው የሱርሶክ ቤተ መዘክር ባለ ቀለም መስኮቶቹ ሁሉ ረገፉ፤ ማያ ሁሴይኒ የተባለች የመስተዋት ጥበበኛ እንደ ገና ሠራቻቸው፤ ቤቱም በግንቦት 2023 ተከፈተ። ከየመንገዱ የተጠረገው ስባሪ መስተዋት ከፊሉ ወደ ትሪፖሊ ተወስዶ ቀልጦ ጠርሙስና የውሃ ማድጋ ሆኗል።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፥ አሠሪዎቻቸው በቆንስላችን ደጅ ትተዋቸው ስለ ሄዱት፥ በጐዳና ስላደሩት የአገራችን ሴቶች ያልሰማ የለም። የገንዘቡ ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ደመወዝ የሚከፍል ጠፋ። ስለ ራስ ቤሩት ቤት ስናገር እነርሱን አለማንሣት ኀጢአት ይመስለኛል፤ ያን ቀለም ያለው ወለል በየማለዳው ያጠቡት፥ እብነ በረዱን ያበሱት፥ ከፍንዳታው በኋላ መስተዋቱን ከምንጣፍ ላይ በእጃቸው የለቀሙት ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። በየትኛውም የሕንፃ ታሪክ ውስጥ ግን አልተጻፉም።

በ2022 ምእመናንን ለማገልገል ተልኬ በቤሩት ጥቂት ወራት በተቀመጥሁ ጊዜ አንዲት እኅታችን የምትሠራበትን ቤት አሳየችኝ። ባለቤቶቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ገንዘባቸው በባንክ ተይዞ ቀርቶባቸዋል። አዲስ ሸክላ፥ አዲስ እንጨት፥ አዲስ ድንጋይ ሁሉ በዶላር ይሸጣል፤ ስለዚህ ቤታቸውን ያደሱት ከፈረሱ ቤቶች በተለቀመ ዕቃ ነው። እንግዲህ ዛሬ በየስብሰባው በክብር የሚነገርለት ያገለገለን ዕቃ ደግሞ የመጠቀም ነገር በዚያ ቤት ከድህነት የመጣ ነበር። የድህነት ጥበብ ግን ከሀብታም ጥበብ የሚያንስ አይደለም፤ በራስ ቤሩት ይህን በዐይኔ አይቻለሁ።

ሥራውን የያዘው ሰባ ዓመት ያለፈው ግንበኛ ነበር፤ ሁሉም ሙዓለም ይለዋል፤ መምህር እንደ ማለት ነው። እኅታችን እያስተረጐመችልኝ በየቀኑ ሄጄ ከአጠገቡ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ሸክላውን አወረደ። አንዱን በግራ እጁ አንጠልጥሎ በቀኝ እጁ ጣት ይቈረቍረዋል፤ ደኅናው እንደ ቃጭል ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው፥ ስንጥቁ በዐይን ባይታይም፥ ድምፁ ድብን ያለ ነው። እኔም ሁለት ቀን አብሬው ቈረቈርሁ፤ ጆሮዬ በዜማ የሠለጠነ ስለ ሆነ ይሆናል፥ በሁለተኛው ቀን ስሕተቴ ጥቂት ነበር። ሙዓለሙ ሣቀና፥

«አባቴ፥ እርስዎ በወጣትነትዎ ቢመጡልኝ ኖሮ ጥሩ ሠራተኛ ይወጣዎት ነበር» አለኝ።

ከጣራው ሸክላ ሲሶው የማይረባ ሆኖ ተገኘ። የጐደለው ከአንድ ከፈረሰ ቤት ተገዛ፤ የንብ ምልክት ያለበት ብቻ ነበር የተመረጠው፤ የሌላው ፋብሪካ ሸክላ ቍልፉ በጥቂት ስለሚለይ ከዚህኛው ጋር አይገጥምምና። የቤቱ የራሱ ሸክላ በመንገዱ በኩል ተከደነ፤ የተገዛው በኋላ በኩል። ምክንያቱን ብጠይቀው መንገደኛው የሚያውቀውን ቀለም እንዲያይ ነው አለ።

በእንጨቱ ነገር የበለጠ ተደነቅሁ። የጣራው አግዳሚዎች ወገባቸው እንደ ብረት ነው፤ የበሰበሱት በግድግዳው ውስጥ የገባው ጫፋቸው ብቻ ነው፤ በዚያ ስፍራ አንድ ጊዜ በሲሚንቶ ተደፍኖ እርጥበት ታፍኖበታልና። ሌላ ሰው ቢሆን አግዳሚውን ሁሉ ይለውጥ ነበር። አናጢው ግን የበሰበሰውን ክንድ ያህል ቈርጦ፥ ከአሮጌ በር መቃን የተገኘ ያንኑ ዐይነት እንጨት በሰያፍ ጠርቦ ገጠመበትና በእንጨት ምስማር አሰረው። የወለሉም ንጣፍ አንድ በአንድ ተነሥቶ በስተ ጀርባው በጠመኔ ቍጥር ተጻፈበት፤ ቍጥሩን የጻፈችው እኅታችን ነበረች። ለመሆኑ በምን ቍጥር ጻፍሽው ልጄ ብላት፥ «አባ፥ ሙዓለሙ የፈረንጁን ቍጥር አያነብም፥ እኔም የእርሳቸውን አላነብም፤ ስለዚህ በየረድፉ መስመር እየሳልሁ ነው» አለችኝ። በመስመር የተቈጠረው ወለል ወደ ስፍራው ሲመለስ አንድም አልተዛነፈም።

ስለ ድንጋዩ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁት ከዚህ ያገናኘናል። ረምሊ ዛሬ በከተማይቱ አጠገብ ስለማይፈለጥ፥ ለአንድ የተበላ ድንጋይ ምትክ የሚገኘው ከሌላ ከፈረሰ ቤት ነው። ያም የሚሆነው የፈረሰው ቤት በኖራ የተያያዘ ከሆነ ነው፤ በሲሚንቶ የተያያዘው ከፍርስራሽ በቀር ምንም አይተርፈውም። በሙዓለሙ ሥራ የተበላው ድንጋይ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም፤ ደኅናው ወደ ውስጥ የቀረው ክፍል ተጠርቦ ለቀጭኑ ግድግዳ ዋለ፤ የረገፈው ደግሞ ተወቅጦና ተነፍቶ ከኖራ ጋር ተቦክቶ ልስን ሆነ። በዚህ ምክንያት የልስኑ ቀለም ከድንጋዩ ቀለም ጋር አንድ ነው። አንድ ስፍራ ብቻ ሙዓለሙ አቃተው፤ በምዕራቡ ግድግዳ፥ ባሕሩን በሚያየው በኩል፥ የቀድሞ ሲሚንቶ በላዩ ስለ ነበረ ሊነሣ ሲሞከር የድንጋዩ ፊት አብሮ እየተላጠ መጣ። ሦስት ቀን ከታገለ በኋላ ተወው። ግድግዳው እስከ ዛሬ ግማሹ ግራጫ ነው።

በዚያ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ስለ አገራችን አስብ ነበር። በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን ያሉት መነኰሳቶቻችን የሚኖሩት በመስቀል ጦረኞች ዘመን በነበረ ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ፥ በቅድስት ዕሌኒ ቤተ መቅደስ ጣራ ላይ በሠሯቸው ጎጆዎች ነው። በአክሱም የጥንቱ የጽዮን ቤተ ክርስቲያን መድረክ በኋላ ዘመን ለተሠራው ቤተ ክርስቲያን መቆሚያ ሆኗል። ደብረ ዳሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ማቲውስ ባደሰው ጊዜ የጥንቱን የድንጋይና የእንጨት አሠራር ተከትሎ ነው። በጎንደር ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ቤተ መንግሥቱ በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር፤ በኋላ በተደረገው እድሳት ሲሚንቶው በብዙ ድካም እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ይህ ሁሉ ለእኛ ባዕድ ትምህርት እንዳልሆነ ለማስረዳት ይበቃል።

እኔ ራሴ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ዲያቆን በነበርሁበት ደብር፥ ስሙን አልጠራም፥ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲሱ በአርማታ ሲሠራ፥ የቅኔ ማኅሌቱ በሮች ለግብር ማገዶ ሆኑ። ከዋንዛ የተጠረቡ ነበሩ፤ አንድ ሰው ከመጥረቢያ በቀር ሌላ መሣሪያ ሳይነካው ያወጣቸው ሳንቃዎች፥ በላያቸው ሐረግ የተቀረጸ። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፤ እንጨት አነሰ፥ እንግዳ በዛ፥ በሮቹ ከደጅ ተጋድመው ነበሩ። እኔም ተሸክሜ ወደ ማድ ቤት ካደረሱት አንዱ ነበርሁ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በራስ ቤሩት አናጢው ከአሮጌው መቃን ክንድ ያህል እንጨት እንዳይባክን ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ሲቈርጥ እያየሁ፥ ያ እሳት ትዝ ይለኝ ነበር።

የምሥራቁን ቤታችንን በሚመለከት፥ ያፍርሱት የሚሉት አባቶች ምክንያት የላቸውም አልልም። ክረምት ይፈስሳል፤ እንግዳ ሲበዛ ይጠብባል፤ የአርማታ ቤት እንሥራላችሁ ያሉ በጎ አድራጊዎችም አሉ፤ የእነርሱ ስጦታ ለእድሳት ይዛወር ቢባል እሺ ይሉ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። እኔ የምለው ከማፍረስ በፊት እንቍጠር ነው። ባለፈው ጥቅምት ከሁለት ዲያቆናት ጋር ሆኜ ልስኑን በሦስት ስፍራ ፍቄ አየሁ። ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ በኖራ ተደርዟል፤ ሲሚንቶ የነካው በደጃፉ አጠገብ ያለ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሃያ ሁለቱ ወጋግራዎች አሥራ አራቱ ደኅና ናቸው፤ አምስቱ ጫፋቸው ብቻ በስብሷል፤ ሦስቱ አይረቡም። የበሩ ሳንቃ ከነመቀርቀሪያው በዕቃ ቤት ተቀምጧል። የድንጋዩን፥ የእንጨቱንና የሚያስፈልገውን ኖራ ዝርዝር ጽፌ ለመጋቢው ሰጥቻለሁ፤ ማኅበሩ ከጥምቀት በኋላ ይነጋገርበታል።